ሳይጨርሱ ለመጨዋወት የትኛው መጽሐፍ ይሻላል? ለንባብ ክበቦች የቀረበ ንጽጽር

የንባብ ክበብ ውስጥ የቆየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀጠሮው ይደርሳል፣ ቡናው ይፈላል፣ ከመጣው ሰው ግማሹ መጽሐፉን አልጨረሰም። የጨረሰው አፉ እንዳያመልጠው እየተጠነቀቀ ቃል ይመርጣል፤ ያልጨረሰው «እኔ ገና ነኝ፣ እንዳትነግሩኝ» እያለ ይማጸናል። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ወደ ቤት ኪራይና ወደ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ይዞራል። በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ሰው ይቀንሳል።

ሰዉን «ለምን አልጨረስክም?» ብሎ መቆጣት የትም አያደርስም። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ መብራት ይጠፋል። የሚሻለው ሳይጨርሱ መገናኘት ነው፦ እስከዚህ ምዕራፍ እናንብብ፣ ባነበብነው እንጨዋወት፣ የቀረውን ለሚቀጥለው። እንዲህ ሲሆን ግን የመጽሐፍ ምርጫውም አብሮ ይለወጣል። ለብቻ ሲያነቡት እንቅልፍ የሚነሳ መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነቱ ጨዋታ ላይሆን ይችላል፤ ለብቻ ሲያነቡት የሚያንገሸግሽ ደግሞ ሰው መሀል ሲገባ ነፍስ ይዘራል።

እዚህ የማወዳድራቸው «ምን እናንብብ?» ሲባል ስማቸው ቶሎ የሚነሳ የአማርኛ ልብ ወለዶች ናቸው። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ግማሹ ላይ ቆመን የምንከራከርበት ነገር አለው ወይ? ቀድሞ የጨረሰ ሰው አፉ ቢያመልጠው የሌላውን ንባብ ያበላሽበታል ወይ? ደግሞስ ሁሉም ሰው ሊያገኘውና ሊያነበው ይችላል ወይ?

«ፍቅር እስከ መቃብር»

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ እሱ ያልተነሳበት የመጻሕፍት ጨዋታ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገና ስሙ ሲጠራ «እሱማ ታውቆ ያለቀ ነው፣ አዲስ ነገር እናምጣ» የሚል አይጠፋም። እኔ ለክበብ የምመርጠው ታውቆ ያለቀ ስለሆነ ነው። መጨረሻው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል! በዛብህና ሰብለ ወንጌል ወዴት እንደሚያመሩ ርዕሱን ያየ ሁሉ ያውቃል፤ የጨረሰው ካልጨረሰው የሚሰርቀው ነገር የለም። «ምን ይሆኑ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከመንገድ ሲነሳ ቦታውን «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ይይዘዋል፤ ለዚህኛው ደግሞ መጽሐፉን ጨርሶ መምጣት አያስፈልግም።

አከፋፈሉም ይመቻል። መጀመሪያ የምትቆሙት የበዛብህ ልጅነት ላይ ይሁን። ወላጆቹ በስለት ለእግዚአብሔር ሰጥተውታል፤ ትዳርና ዓለማዊ ኑሮ የለም። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጣሉና ዝም በሉ፦ ወላጅ በልጁ ሕይወት ሊሳል ይችላል ወይ? በየቤታችን የስለት ታሪክ አለ፤ ቁልቢ ድረስ ሄዳ ያደረሰች፣ ጃንጥላ ያስገባች፣ ተስላ ሳታደርስ ቀርታ እስከ ዛሬ የምትባንን። ከዚያ ቀደም አንድም ቃል ሳይተነፍስ ቡና ጠጥቶ የሚሄድ ሰው እዚህ ላይ አፉን ሲከፍት አይቻለሁ።

ሁለተኛው ማቆሚያ የሰብለ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። ሰብለን የጠየቀ ሁሉ ዘሩ እየተቆጠረ ይመለሳል፣ እሷም ዕድሜዋ ይገፋል። ሦስተኛው የገበሬዎቹ አመፅ ነው፤ ፊታውራሪ ከባላገሩ ላይ የማይገባቸውን ሲጠይቁ፣ አበጀ በለው ከፊት ሆኖ ገበሬው «እምቢ» ሲል። የመጨረሻው መንገዱ ነው፤ እሱ ወደ አዲስ አበባ፣ እሷ እሱን ፍለጋ መነኩሴ መስላ። ከአራቱ ለክርክር የሚሞቀው ሦስተኛው ነው፤ ጊዜ ሰፋ አድርጋችሁ ያዙለት። አራተኛው ላይ ሰው ይተክዛል እንጂ ብዙ አያወራም።

ጉዱ ካሳ ስለሚባለው የመጽሐፉ ገጸ ባሕርይ ማስጠንቀቂያ ቢጤ ልስጥ፤ እሱ ከተነሳ ሌላው ሁሉ ይረሳል። አንድ ጊዜ በተገኘሁበት ጨዋታ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጉዱ ካሳ ከዘመኑ የቀደመ፣ ያ ሥርዓት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያየ ሰው ነው ብላ ተናገረች። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ብርጭቋቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ከመናገር ሌላ ምን አደረገ? አንድ ጀንበር እንኳ ከገበሬው ጋር ተሰልፎ ዋለ?» አሏት። እሷ «ጋሼ፣ የሁለቱ ፍቅረኞች ምስጢረኛ ማን ነበር ታዲያ?» ብላ መለሰች። እሳቸው «ምስጢር መያዝማ ዝም ማለት ነው» አሉ። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱም መጽሐፉን ለጊዜው እኩል ድረስ ነበር ያነበቡት፤ ቀሪውን ግማሽ ነጥባቸውን ለማስረዳት ሲሉ አነበቡት። ከንባብ ክበብ ከዚህ የበለጠ የሚጠበቅ አይመስለኝም። የእኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም የሚከራከሩበትን ሰው አሳስተዋል። ወንዶቹ ሲናገሩና ሲሰጉ ተነስታ መንገድ የጀመረችው ሰብለ ናት።

ሌላው የመጽሐፉ ትርፍ መደመጡ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው ዛሬም በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዓይኑ የደከመም፣ ታክሲ ውስጥ የሚውልም፣ ውጭ አገር አድጎ ፊደል የሚያስቸግረውም ከክበቡ አይቀርም። ግን የሰማና ያነበበ አንድ መጽሐፍ ይዘው አይመጡም። የሰማው ፊታውራሪን በወጋየሁ ድምፅ ነው የሚያውቃቸው፤ ግርማ ሞገሳቸውም አስቂኝነታቸውም ድምፁ ውስጥ አለ። ያነበበው ግን ደራሲው ራሱ ከየትኛው ቃል በስተጀርባ እንደሚስቅ ማፈላለግ አለበት። ልዩነቱን ለማየት ከፈለጋችሁ የፊታውራሪን አንድ ንግግር መጀመሪያ ከመጽሐፉ አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ትረካውን ክፈቱ። አንባቢው የት ቸኮለ፣ ወጋየሁ የት ዝም አለ? ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በቅርቡ በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ የቀረበውን ያየ ሰው ደግሞ ፊት ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ድራማው ላይ እኮ...» የሚለውን ንግግር ለመጨረሻው ቀጠሮ አቆዩለት።

እንከኑን አልደብቅም። ረጅም ነው። መሀሉ ላይ የሚጎተትበት ቦታ አለ፤ ሰዎቹ አንዴ መናገር ከጀመሩ አያቆሙም። የቤተ ክህነት ትምህርቱና የጎጃም አነጋገሩ ለከተማ ልጅ ይከብዳል፤ ከመሀላችሁ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ወይም ጎጃም ያደገ አንድ ሰው ካለ ግን ሸክሙ በግማሽ ይቀላል። በአንድ ወር እንጨርሳለን የምትሉ ከሆነ አትጀምሩት።

«ኦሮማይ»

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ደግሞ በሁሉም ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1975 ዓ.ም. ነው የወጣው። ታሪኩ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው። ተራኪው ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ነው፤ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይወርዳል፣ እዚያም ፊያሜታ ጊላይን ያገኛል። ስለላ አለ፣ ፍቅር አለ፣ ጦርነት አለ፤ ደራሲው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ዘመቻውን ከውስጥ ስላየው የሚጽፈው በሩቅ የሰማውን አይደለም።

ለብቻ ለሚያነብ ሰው ከዚህ የተሻለ ልሰጠው የምችለው ብዙ የለኝም። ሳይጨርሱ ለሚጨዋወት ክበብ ግን መጥፎ ምርጫ ነው። አንደኛ ነገር ማንም እንዲያቆም በተባለበት ቦታ አያቆምም፤ «እስከዚህ» ብላችሁ የመደባችሁትን ሰው ሌሊቱን አልፎት ያድራል። ሁለተኛ፣ ማን ለማን እንደሚሠራ ማወቅ የንባቡ ነፍስ ስለሆነ አንድ ሰው አፉ ቢያመልጠው ለሌላው ነገሩ ያልቃል። ሦስተኛው ከሁለቱም ይብሳል። ሰው ስለ መጽሐፉ ማውራቱን ትቶ ስለ ደራሲው ያወራል። መጽሐፉ ገና በወጣ በጥቂት ጊዜ ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ይህን የሚያውቅ ሰው እያንዳንዱን ገጽ እንደ ማስረጃ ነው የሚያነበው፦ የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው ለዚህ ያበቃው? እገሌ የሚባለው ገጸ ባሕርይ በእውን ማን ነበር? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን እሱ ከተጀመረ ፀጋዬም ፊያሜታም ከክፍሉ ወጥተው ይሄዳሉ።

ስለዚህ «ኦሮማይን» ከመረጣችሁ ሕጋችሁን ለውጡ። ሁሉም ጨርሶ ይምጣ፤ ይህ መጽሐፍ ስለማይቋረጥ ሁለት ሳምንት ይበቃል። የደራሲውን ታሪክ መጀመሪያ ላይ አውሩትና ዝጉት፣ ከዚያ ወደ ልብ ወለዱ ግቡ። የሚያከራክረው ዋናው ነገር ይመስለኛል የፀጋዬ ቦታ ነው፤ ካሜራና ብዕር ይዞ የመንግሥትን ዘመቻ የሚያስተዋውቅ ሰው ለሚያየው ነገር ምን ያህል ተጠያቂ ነው? ጋዜጠኛ ወይም የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ መሀላችሁ ካለ ወንበሩ ይቆረቁረዋል።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ። በዚያ ጦርነት ወንድም ወይም አባት ያልቀረበት ቤት ጥቂት ነው፣ በሁለቱም በኩል። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን አካባቢ በሚሰበሰብ ክበብ አስመራ ተወልዶ ያደገ ሰው አብሯችሁ ሊቀመጥ ይችላል። መጽሐፉ በአንድ ወገን ካምፕ ውስጥ ተቀምጦ የተጻፈ መሆኑን ከመነሻው ማንሳት ኋላ ከሚመጣ መቀያየም ያድናል።

በውጭ ለምትኖሩ ግን «ኦሮማይ» አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ አሜሪካ ታትሟል። አማርኛ የሚሰማ ግን የማያነብ ልጃችሁ በእንግሊዝኛው፣ እናንተ በአማርኛው አንብባችሁ አንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ትችላላችሁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ ሌላውን ምክሬን ሁሉ ትታችሁ ይህን ውሰዱ።

«አደፍርስ»

ይህን የምጽፈው እያመነታሁ ነው፣ ምክንያቱም ለአብዛኛው ሰው ስመክረው ፊቱን ያጨፈግጋል። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው። ቦታው ደብረ ሲና አካባቢ፣ የይፋት አገር ነው፤ ደራሲውም የዚያው ልጅ ነው። አደፍርስ የተማረ ወጣት ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይሞግታል፤ አሮጊት አይል፣ ቄስ አይል፣ ባለርስት አይል። ድርጊት የሚጠብቅ አንባቢ ይሰለቻል፤ ገጹ በንግግር የተሞላ ነው፣ ንግግሩም እንደ ተናጋሪው አገርና ዕድሜ ይለያያል። ብዙ ሰው ለብቻው ጀምሮ ሃያኛው ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል።

አሁን በሦስቱ መለኪያዎቼ እዩት። ግማሹ ላይ ቆሞ መከራከር ይቻላል? ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሌላ ነገር የለውም፤ መጽሐፉ ራሱ ክርክር ነው። የሚበላሽ ምስጢር አለ? ብዙም የለም። ማንበብ ይቻላል? እዚህ ላይ ነው ችግሩ፤ መድኃኒቱ ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ነው። እንደ ቴአትር ተከፋፈሉት፤ አንዱ አደፍርስን፣ አንዷ ወይዘሮ አሰጋሽን፣ ሌላዋ ጺዎኔን ይዛ ታንብብ። በዓይን ሲያዩት የተቆላለፈው አነጋገር በጆሮ ሲሰማ ይፈታል። ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ካላችሁ ወይዘሮ አሰጋሽን ለእሱ ስጡት፣ ወንድም ቢሆን፤ ከሳቅ አታልፉም።

ክርክሩ ደግሞ አላረጀም። የተማረው ልጅ አገር ቤት ሲመለስ የሚያርመው ነው ወይስ የሚማረው? አደፍርስ የሚለው ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ አባባሉ ግን ጆሮ ይዘጋል። እናቷን ስለ ንጽህና ስትገስጽ የዋለች የጤና ተማሪ፣ አባቱን ስለ ማዳበሪያ ሲያስረዳ ሰሚ ያጣ የግብርና ባለሙያ ራሳቸውን ያዩበታል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከስድስት ሰው የማይበልጥ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቅ፣ ማንበብ የለመደ ክበብ ከሆናችሁ ከሁሉም በፊት «አደፍርስን» ሞክሩ። አዲስ የተቋቋመ ክበብ ከሆናችሁ ግን አትንኩት፣ ያፈርሳችኋል።

«ጦቢያ»

ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ ነው፤ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ይባላል። ትልቁ ጥቅሙ ማጠሩ ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ለመጀመሪያ ቀጠሮ ይሆናል፣ ሰው ጨርሶ ስለሚመጣ ክበቡ ጉልበት ያገኛል። አማርኛው ጥንታዊ ቢሆንም ጣፋጭ ነው፤ ተረት ያዳመጠ ሰው አካሄዱ አይጠፋውም። አባቷ በጦርነት የተማረከባት ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንትያ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ስትንከራተት እናያለን። እዚህ ላይ ቀጥላችሁ «ፍቅር እስከ መቃብርን» ካነበባችሁ አንድ ነገር ታገኛላችሁ፤ መነኩሴ መስላ የወጣችው ሰብለ ከጦቢያ በኋላ የመጣች ናት። በግማሽ ምዕተ ዓመት ልዩነት ሁለት ወንድ ደራስያን ሴት ልጅ መንገድ ልትወጣ ስትል መጀመሪያ ልብሷን ቀየሩላት። ለምን? ይህን ጥያቄ ይዛችሁ ብትመጡ እኔም ለመስማት እመጣ ነበር።

ከዚያ ውጭ ግን ብዙ የሚያከራክር የለውም፤ አጋጣሚ ይበዛበታል፣ መጨረሻው ላይ ሁሉ ነገር በሰላም ይቋጫል። ደራሲው በወረራው ዘመን ከጣልያን ጋር ማበሩን የሚያውቅ ሰው ሊያነሳው ይችላል፤ ያ የሌላ ቀን ነገር ነው፣ መጽሐፉ የተጻፈው ከወረራው ብዙ ዓመት በፊት ነው።

የቀሩትን በችኮላ

ከበዓሉ ግርማ አንድ እናንብብ፣ ግን ፖለቲካው ይቅርብን ለምትሉ «ከአድማስ ባሻገር» አለ፤ ይህም በ1962 ዓ.ም. ነው የወጣው። አበራ ወርቁ ከቢሮ ሥራውና ከሥዕል ፍላጎቱ መሀል ተሰንጎ ተይዟል። ደመወዝ ጥሎ ወደ ጥበብ መሄድ ድፍረት ነው ወይስ ቅብጠት? ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ አምስት ዓመት ለሆኑ ሰዎች ከዚህ የተሻለ የመነጋገሪያ ርዕስ አላውቅም። ግማሹ ላይም ይወራለታል።

የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የአዲስ አበባውን የመሸታ ሰፈር የውቤ በረሃን ሌሊት እንደነበረ ነው የሚያሳየው፣ ቃላቱንም ሳይሸፍን። የሥራ ባልደረቦች ወይም እናትና ልጅ አብረው የሚቀመጡበት ክበብ ላይ አላመጣውም፤ ጮክ ብሎ የሚነበብ ገጽ መምረጥ ራሱ ፈተና ነው። ጓደኛሞች ብቻ ከሆናችሁ ግን ስለ ነውርና ስለ እውነት የምትሉት አታጡም።

አዳም ረታን የሚወድ ሰው በየክበቡ አንድ አይጠፋም፤ እሱም «የስንብት ቀለማትን» ካላነበብን ብሎ ይሟገታል። እሽ አትበሉት። በመጽሐፉ መጠን ብቻ ክበቡ ይበተናል። ከአጫጭር ታሪኮቹ አንዱን ተቀበሉትና በዚያ አስታርቁት። አጭር ልብ ወለድ በአጠቃላይ ሥራ ለሚበዛበት ክበብ መሸሻ ነው፤ ችግሩ ታሪኩ ሲያልቅ ጨዋታውም አብሮ ያልቃል፣ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ የሚሻገር ነገር የለም።

በነቢይ መኮንን የተተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» (የማርጋሬት ሚቸል «Gone with the Wind») የራሱ ታሪክ ከመጽሐፉ አያንስም፤ ተርጓሚው በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ ነው የጻፈው። ትርጉም ላይ ለመጨዋወት የምትፈልጉ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ግን እሱም ረጅም ነው፣ ፊልሙን ያየው ሰውም ብዙ ነው።

ሰሞኑን የወጣና ሰው ሁሉ የሚያወራለት አዲስ መጽሐፍስ? ሞቅታው ሰው ያመጣል፣ ያ ጥቅም ነው። ነገር ግን ግማሹ ሰው አስተያየቱን ይዞ የሚመጣው ከሌላ ሰው ሰምቶ ነው። ደራሲው በሕይወት ያለና በምታውቁት ክበብ የሚዘዋወር ከሆነ ደግሞ ትችቱ ይለዝባል። እኔ አዲስ መጽሐፍ ከወጣ ስድስት ወር እንዲያርፍ እተወዋለሁ።

ጨዋታውን ስለ መምራት

የትኛውንም ብትመርጡ ስትገናኙ መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው የት እንደደረሰ ይናገር። ያለ ሐፍረት። ከሁሉም ወደ ኋላ የቀረው ሰው የቆመበት ቦታ የዕለቱ ድንበር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አይነሳም። ወደፊት ያለፈው ሰው ደግሞ ሥራ ስጡት፤ ጥያቄ እሱ ይጠይቅ፣ መልስ ግን አይስጥ።

«ወደድኩት»፣ «አሰለቸኝ» የሚለው አስተያየት ከቦታው ጋር ይምጣ። አሰለቸኝ ያለ ሰው የሰለቸበትን አንቀጽ ያንብብልን፤ ብዙ ጊዜ ሲነበብ ከሚሰሙት አንዱ «እኔ እኮ የወደድኩት ይህንኑ ነው» ይላል፣ ጨዋታውም ይጀመራል። ታላላቆች ካሉ ቀድመው ባይናገሩ ይመረጣል፤ በእኛ ባህል ጋሼ ወይም እትዬ ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ «እሳቸው እንዳሉት» ብሎ ነው የሚቀጥለው፣ የራሱን ሐሳብ ሆዱ ውስጥ ይዞት ይሄዳል። በቀጠሮ መሀል በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላላክ ይጠቅማል፣ በተለይ በአረብ አገር ቤት ውስጥ እየሠሩ በአካል መገናኘት ለማይችሉ እህቶች። ግን መልእክቱ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ፣ መጀመሪያው ላይም እስከ የት ያነበበ ሰው ሊሰማው እንደሚችል ይነገርበት።

ስለ ቅጂው

የቆዩትን መጻሕፍት አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢና መርካቶ ካሉ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች፣ አንዳንዴም ከአዟሪ ታገኛላችሁ። የተለያየ ጊዜ እትም ስለሚደርሳችሁ የገጹ ቁጥር አይገጥምም፤ ድንበራችሁን በገጽ አታድርጉት፣ በምዕራፍ ወይም «እነ እገሌ እስኪገናኙ ድረስ» ብላችሁ አስቀምጡት። በፎቶ ኮፒ የተባዛ ቅጂ ከገዛችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ ግለጡት፤ ገጽ የሚዘለው ወይም ቀለሙ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ መሀሉ ላይ ስለሆነ የፊቱንና የኋላውን አይቶ መግዛት አያዋጣም።